ባንኩ የሞተበት ሽልንግ፦ ሞቃዲሾ ያለ መንግሥት እንዴት ገበያ ወጣች?

እ.ኤ.አ. በ1991፣ በጥር ወር መጨረሻ፣ የሶማሊያው ፕሬዚዳንት ሲያድ ባሬ ከዋና ከተማቸው ከሞቃዲሾ ሸሹ። ማዕከላዊ ባንኩ ተዘረፈ፤ በሩም ተዘጋ። የንግድ ባንኩ ከዚያ ቀደም ብሎ ወድቆ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በነጋታው አንዲት ሻይ ሻጭ ምን እንደገጠማት እናስብ። ደንበኛዋ የሺህ ሽልንግ ኖት ዘረጋላት። ኖቱ ላይ የባንኩ ስም አለ። ባንኩ ግን የለም። ትቀበለው?

ተቀበለችው። ከተማው በሙሉ ተቀበለው። የሶማሊያ ሽልንግ አሳታሚው ከሞተ በኋላም ሠላሳ ዓመት ገደማ በገበያ ሲዞር ኖረ። (ለኛ ለአዲስ አበባ ልጆች ሽልንግ ሃምሳ ሳንቲም ነው። የነሱ ሽልንግ ታሪክ ግን ሌላ ነው።)

ነገሩ እንግዳ የሚሆነው የወረቀት ገንዘብን ዋጋ የሚሰጠው መንግሥት ነው ብለን ስለተማርን ነው። ግብር የሚሰበስበው በዚያ ገንዘብ ነው፤ አልቀበልም ያለውን ይቀጣል። ሞቃዲሾ ውስጥ ግብር ሰብሳቢም ቀጪም አልነበረም። ሻይ ሻጯ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስኳር የሚሸጥላት ሰውዬ ትናንት ይህን ወረቀት ተቀብሏታል፤ ነገም ይቀበላታል። እሱም የሚያስበው እንደዚያው ነው። በቃ፤ ኖቱን ያቆመው ይኸው ነው።

መንግሥት ባይኖር ገበያ ሁሉንም ይሠራዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። ፖሊሱን፣ ዳኛውን፣ ገንዘቡን፣ መንገዱን። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሶማሊያ ስትነሳ ግን ሁለቱም ወገን ይነቃል። አንዱ “ይኸው ሠራ!” ይላል። ሌላው “መንግሥት አትፈልጉም? ሶማሊያ ሂዱ!” ብሎ ይሳለቃል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። የሞቃዲሾ ነጋዴ የመንግሥትን ሥራ አንድ በአንድ እያነሳ ሸጧል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ያው ነጋዴ በመጨረሻ ከኪሱ አውጥቶ መንግሥት የሚመስል ነገር መልሶ ገዛ። ለምን እንደገዛ ነው የሚገርመው። (የማወራው ስለ ሞቃዲሾና ስለ ደቡቡ ነው። ሶማሊላንድ የራሷን አስተዳደርና የራሷን ሽልንግ ይዛ በሌላ መንገድ ሄዳለች።)

ፎርጅዱ የት ላይ ቆመ?

መጀመሪያ ገንዘቡን እንጨርስ።

ባንክ ከሌለ አዲስ ኖት አይታተምም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለው ኖት ያው ነበር። እያረጀ፣ እየተቀደደ፣ በላስቲክ እየታሰረ ይዞር ነበር። ትልልቁ ንግድ በዶላር፣ ሻይና ቲማቲሙ በሽልንግ ነበር። ምንዛሬው በሞቃዲሾ ትልቁ ገበያ፣ በባካራ ይወሰናል።

ከዚያ ብልጦቹ መጡ። ገንዘብ ማሳተም የሚከለክል ሰው ከሌለ ለምን አላሳትምም? ፕሬዚዳንት ነኝ ያሉት አሊ ማህዲ አዲስ ዓይነት ሽልንግ አስመጥተው ነበር። አብዛኛው ገበያ ፊት ነሳው። የማያውቀውን መልክ አልቀበልም አለ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ከዚህ ተማሩ። የጦር አበጋዙ ሁሴን አይዲድም፣ በሰሜን ምሥራቅ ያለው የፑንትላንድ አስተዳደርም፣ በ2000 ለተቋቋመው የሽግግር መንግሥት ቅርብ የነበሩ ነጋዴዎችም ኖት በውጭ እያሳተሙ አስገቡ። አዲስ መልክ ግን አልሞከሩም። ያንኑ የድሮውን የሺህ ሽልንግ ኖት ነው አስመስለው ያሳተሙት።

ገበያው ፎርጅድ መሆኑን ያውቃል። ቢሆንም ይቀበላል። ዋጋው ግን ወረደ። በ2000 አካባቢ አንድ ዶላር 10,000 ሽልንግ ገደማ ነበር። በ2001 ከ20,000 አለፈ። ቆይቶ 30,000ንም ተሻገረ።

እዚህ ላይ ነው የሚያስቀው። አንድ ዶላር 30,000 ሲገባ የሺህ ሽልንግ ኖት ሦስት ሳንቲም ገደማ ነው የሚያወጣው። አንድ ኖት ለማሳተምና በአውሮፕላን ለማምጣትም የሚወጣው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ትርፍ ከሌለ ማን ያሳትማል? ገበያው የ10,000 ኖት ቢቀበል ኖሮ ጨዋታው ይቀጥል ነበር። ግን አልተቀበለም። ስለዚህ የሽልንግ ዋጋ የወረቀቱና የቀለሙ ዋጋ ላይ ሲደርስ ቆመ።

የመንግሥት ባንክ በሕግና በዕቅድ የሚያደርገውን የገንዘብ መጠን ቁጥጥር እዚህ የሠራው የማተሚያ ቤት ሒሳብና የሰው ጥርጣሬ ነው። ጎረቤት አገሮች ባንክ ይዘው የባሰ የዋጋ ንረት ያዩበት ጊዜ አለ። ግን ነገሩን አናጋንነው። በዚያ ሁሉ መሀል ሽልንግ ቆጥባ ያስቀመጠችው ሴት የያዘችው አልቋል። ኖቱን ያሳተመው ትርፉን በላ፤ ኪሳራውን የተሸከመችው እሷ ናት። ይህም ያለ ፈቃድ የተጣለ ግብር ነው። ሰብሳቢው ነጋዴ ሆነ እንጂ።

“የማን ልጅ ነህ?”

ሐዋላን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ስሙም የኛው ነው። የሞቃዲሾው ሐዋላ ግን ወንድም ለወንድም ገንዘብ ከመላክ አልፎ ባንክን ተክቷል።

ሥሩ ደግሞ መንግሥት ከመፍረሱ በፊት ነው። በ1970ዎቹ ብዙ ሶማሌዎች ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄዱ። ደሞዛቸውን ለነጋዴ ይሰጣሉ። ነጋዴው በዚያ የውጭ ምንዛሬ ዕቃ ገዝቶ ያስገባል፤ ለቤተሰባቸው በሽልንግ ይከፍላል። ስሙን ታውቁታላችሁ፦ ፍራንኮ ቫሉታ። መንግሥት በ1982 ቢያስቆመውም መረቡ አልጠፋም። ዳሃብሺል የተቋቋመው በ1970 ነው፣ በቡራዖ ከተማ። አል-ባራካት ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ መጣ። ስለዚህ “መንግሥት ሲጠፋ ገበያ ፈለቀ” የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ገበያው መንግሥትን እየሸሸ ሲሠለጥን ነው የኖረው።

አሠራሩ ይሄ ነው። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ያለች እህት 200 ዶላር ለወኪሉ ትሰጣለች። ኮሚሽኑ ብዙ ጊዜ ከመቶ አምስት አካባቢ ነው። መልእክቱ ሞቃዲሾ ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሬዲዮ መገናኛ፣ በኋላ በስልክና በፋክስ ነበር። እናት ገንዘቡን በማግስቱ ትወስዳለች። ዶላሩ ራሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ብዙው ዱባይ ላይ ስኳር፣ ሩዝ፣ ፓስታ ሆኖ በመርከብ ይመጣል። ዕቃው ሞቃዲሾ ሲሸጥ ሒሳቡ ይዘጋል።

መታወቂያ የሚሰጥ መንግሥት በሌለበት ወኪሉ እናቲቱን በምን ይለያታል? በዘር ቆጠራ። የማን ልጅ ነሽ? አባትሽ የማን ልጅ ነው? አያትሽስ? ሶማሌ ልጁን ገና በጠዋቱ አያት ቅድመ አያቱን ያስቆጥረዋል። ጥርጣሬ ካለ የሚያውቃት ሰው ዋስ ይጠራል። ዋሱ ዋሸ ማለት ጎሳው ዋሸ ማለት ነው።

ፍርዱም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሔር የሚባለው የባህል ሕግ አለ። ሰው ቢገደል የገዳዩ ወገን ማግ፣ ማለትም የደም ካሳ ይከፍላል። ለወንድ ነፍስ የተለመደው 100 ግመል ነው። ግመሎቹን ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም፤ ዘመዱ ሁሉ ያዋጣል። እኛ አገር ዕድር ለቀብር የሚያደርገውን እነሱ ለወንጀል ያደርጉታል በሉት። ይህን እንደ መድን ድርጅት አይተው ያደነቁ ምዕራባውያን ጸሐፊዎች ነበሩ። እውነትም መድን ነው። አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። ጎሳው ትንሽ የሆነ ሰውስ?

ሬር ሐመር የሚባሉት የሞቃዲሾ ጥንታዊ ነዋሪዎች ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ናቸው። ሚሊሻ አልነበራቸውም። ጦርነቱ ሲመጣ ቤታቸው ተዘረፈ፣ ሴቶቻቸው ተደፈሩ፣ የቻሉት በጀልባ ወደ ሞምባሳ ሸሹ። በጁባ ሸለቆ የሚያርሱት ሶማሌ ባንቱዎችም መሬታቸውን ተነጠቁ። ከ2003 ጀምሮ ወደ 12,000 የሚሆኑት ከኬንያ መጠለያዎች ወደ አሜሪካ ተወስደው ሰፈሩ። ለነሱ ካሳ የሚጠይቅ አልነበረም። ሔር የሚሠራው ካሳ አልከፍልም ያለውን ወገን የሚያስፈራ ክንድ ካለህ ነው። የገበያው ዋስትና በዘር የሚገዛ ነበር፤ ዘር ደግሞ ሱቅ ገብተህ አታገኘውም።

በዚህ መስክ በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት የኢኮኖሚ ምሁሩ የፒተር ሊሰን ነው። በ2007 ሶማሊያን ከመፍረሷ በፊትና በኋላ አነጻጽሮ፣ ከ18 መለኪያዎች 14ቱ ተሻሽለዋል አለ። ቁጥሩን አልጣላውም። ሲያድ ባሬ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሐርጌሳን በአውሮፕላን ያስደበደቡ ሰው ናቸው። ከሳቸው መንግሥት ባዶ ወንበር ቢሻል አይገርምም። ግን የነዚያ የተፈናቀሉ ሰዎች ኑሮ በአማካይ ቁጥር ውስጥ ተውጦ ይቀራል።

ስልክና አምፖል

ነጋዴው ያለ ጥርጥር የተሳካለት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ብዙም አልቆይበትም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሞቃዲሾ ውስጥ የቤት ስልክ በሦስት ቀን ይገባል ተብሎ ተጽፏል። ጎረቤት ኬንያ ለዓመታት ያስጠብቅ ነበር። እኛ ቤትም ለስልክ ተመዝግበን ደጅ የጠናንበትን ዘመን አስታውሳለሁ፤ መስመሩ ሲገባ ጎረቤት ሁሉ “እንኳን ደስ አላችሁ” ብሎን ነበር። የሞቃዲሾ ሰው በዚያው ጊዜ ከሦስት ኩባንያ መምረጥ ይችላል። ችግሩ ኩባንያዎቹ ለረጅም ጊዜ እርስ በርስ አይደዋወሉም ነበር። ስለዚህ ነጋዴው ሁለት ሦስት ስልክ ይዞ ይዞራል።

መብራትም ቢሆን ሰፈር ለሰፈር ተከፋፍሎ በጄኔሬተር ነበር። ጄኔሬተሩ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ነው። ክፍያው በአምፖል ነው። ማታ ብቻ ትፈልጋለህ? ቀን ብቻ? 24 ሰዓት? ዋጋው ይለያያል። ገንዘብ ለሌለው አምፖል የለም።

የውጭ መንግሥት ሲመጣ

መንግሥት አልባ ነው የተባለው ገበያ ሁለት ጊዜ በመንግሥት ተመታ። ሁለቱም መንግሥታት የሌላ አገር ናቸው።

በመስከረም 2000 ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአካባቢው የሚመጣ የቁም ከብት አገደች። ለሶማሊያ ከብት ማለት ዶላር ማለት ነው። በበርበራ በኩል ይወጣ የነበረው የኛ የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር በግም አብሮ ተያዘ። ነጋዴው ምን ያድርግ? እንስሳ ሐኪም መቅጠር ይችላል። ምርመራም ማስደረግ ይችላል። የገዢው አገር የሚፈልገው ግን “ይህ ከብት ጤነኛ ነው” ብሎ የሚፈርም፣ ቢዋሽ የሚጠየቅ የታወቀ መንግሥት ነው። ያንን ፊርማ ባካራ ገበያ አይሸጥም። ማለቴ ይሸጣል፤ ፓስፖርትም በደቂቃዎች ይሠራልህ ነበር። የጅዳ ወደብ ግን አይቀበለውም። እገዳው ዓመታት ቆይቶ በ2009 ተነሳ።

ሁለተኛው ዱላ የባሰ ነው። ኅዳር 7 ቀን 2001 (ወሩና ቀኑም በፈረንጆቹ ነው) አሜሪካ አል-ባራካትን በሽብር ገንዘብ ጠርጥራ ሒሳቡን አገደች። የአገሪቱ ትልቁ ሐዋላ ነበር፤ ትልቅ የስልክ ድርጅትም ነበረው። ሁለቱም ባንዴ ጨለሙ። የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ መንገድ ላይ ቀረ። የመስከረም 11 ጥቃትን የመረመረው ኮሚሽን ባለሙያዎች በኋላ ፋይሉን ሲያዩት ድርጅቱ ሽብርተኛን እንደደገፈ የሚያሳይ ቀጥተኛ ማስረጃ አልተገኘም አሉ። እስከዚያ ግን ማን ይግባኝ ይበል? በየትኛው ኤምባሲ? አንድ ተራ የኬንያ ባንክ እንዲህ ቢደረግ የናይሮቢ ሚኒስትር ዋሽንግተን ይሄድ ነበር። ለአል-ባራካት የሚሄድለት ሚኒስትር አልነበረም።

በ2002 ሆርሙድ ቴሌኮም ተቋቋመ፤ የገበያው ቦታ ባዶ አላደረም። ትምህርቱ ግን ነጋዴው ጭንቅላት ውስጥ የቀረ ይመስለኛል።

መንገዱን ማን ይጠብቅ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

የተባበሩት መንግሥታት ጦር በመጋቢት 1995 ሲወጣ የሞቃዲሾ ወደብና አውሮፕላን ማረፊያ ተዘጉ። አንዱ የጦር አበጋዝ ቢከፍተው ሌላው ይተኩስበታል። ነጋዴዎች መላ ዘየዱ። ከከተማው ሰሜን ኤል ማዓን የምትባል ክፍት የባሕር ዳርቻ አለች። ክሬን የለ፣ ማረፊያ የለ። መርከቡ ርቆ ይቆማል፤ ዕቃው በጀልባ ይወጣል፤ ወዛደር በትከሻው ያወርደዋል። አውሮፕላኑም ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ርቆ ኬ50 የሚባል ሜዳ ላይ ያርፋል።

ከዚያ ዕቃው በመኪና ወደ ከተማ ይጓዛል። መንገዱ ላይ ኢስባሮ አለ። ኢስባሮ ማለት ኬላ ነው። ገመድ፣ ድንጋይ፣ ጫት የሚቅም ልጅ፣ ክላሽ። ትከፍላለህ ታልፋለህ። ትንሽ ሄደህ ሌላ ኢስባሮ፣ ሌላ ልጅ፣ ሌላ ክላሽ። የመጀመሪያው ጋ መክፈልህ ሁለተኛውን አያገባውም። ኮቴ የሚሰበስብ ደላላ ያስመረረው የአዲስ አበባ ሹፌር ይህን በመቶ ያባዛው።

ነጋዴው የራሱን ዘበኛ ቀጠረ። መትረየስ የተጫነበት ፒካፕ ገዛ። በንድፈ ሐሳቡ የግል ጥበቃ ድርጅቶች ተወዳድረው ዋጋ ይቀንሳሉ። እዚህ ግን እያንዳንዱ ዘበኛ ለሌላው ነጋዴ ኬላ ሆነበት። ስልክ ላይ ውድድር ዋጋ ይቀንሳል፤ መንገድ ላይ የተወዳዳሪ ቁጥር በጨመረ ቁጥር የሚከፈልበት ቦታ ይጨምራል። ክላሽ የያዘ ሰው ደንበኛ አይለማመጥም።

ስለዚህ በ1990ዎቹ መጨረሻ የሞቃዲሾ ትልልቅ ነጋዴዎች አንድ ውሳኔ ወሰኑ። ለጦር አበጋዞቹ መክፈል አቆሙ። ታጣቂዎቹን በገንዘብ ከነሱ ላይ ገዙ። ገዝተው ግን ራሳቸው አልያዟቸውም፤ በየሰፈሩ ለነበሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አስረከቧቸው። ፍርድ ቤቶቹ መጀመሪያ የጎሳና የሰፈር ነበሩ። ሌባ ይይዛሉ፣ ዕዳ ያስከፍላሉ፣ ጋብቻና ውርስ ይፈርዳሉ። ነጋዴው የወደደው ሌላውን ነገር ነው። ከዘሩ በላይ የሆነ፣ ሁሉም የሚፈራው ዳኛ።

የፍርድ ቤቶቹና የአበጋዞቹ የመጨረሻ ግጭት አንዱ ክብሪት ራሱ የንግድ ጠብ ነበር። በ2006 መጀመሪያ ሁለት ባለሀብቶች በኤል ማዓን መንገድ ላይ ተታኮሱ። አንዱ ከፍርድ ቤቶቹ፣ ሌላው አሜሪካ ትደግፋቸው ከነበሩት አበጋዞች ጋር ወገነ። በሰኔ ፍርድ ቤቶቹ ከተማውን ያዙ። ኢስባሮዎቹ ተነሱ። ወደቡና አውሮፕላን ማረፊያው ከ11 ዓመት በኋላ ተከፈቱ። ሲኒማ ቤትና ጫትም ላይ ዘመቱ፤ ይሄን ነጋዴው አላዘዘም ነበር።

የቀረውን እኛም እናውቀዋለን። በታኅሣሥ 2006 የኢትዮጵያ ጦር በ2004 የተቋቋመውን አዲሱን የሽግግር መንግሥት ደግፎ ገባ፤ ፍርድ ቤቶቹ በቀናት ውስጥ ተበተኑ። ጦሩ በጥር 2009 ወጣ። በመሀሉ ባካራ በመድፍ ተመታ፣ ከተማው ግማሹ ተሰደደ፣ የፍርድ ቤቶቹ ወጣት ክንፍ የነበረው አል-ሸባብ አድጎ ወጣ።

አል-ሸባብ መንገድ ላይ ያደረገውን የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ደጋግመው ዘግበውታል። የጭነት መኪና አንድ ጊዜ ያስከፍላል፤ ደረሰኝ ይሰጣል። በቀጣዩ ኬላ ደረሰኙን ታሳያለህ፤ ታልፋለህ። አልከፍልም ያለ ነፍሱን ይከፍላል። ጨካኝ ነው፤ ግን ሹፌሩ ስንት እንደሚያወጣ አስቀድሞ ያውቃል። ከደርዘን ኢስባሮ አንድ ደረሰኝ የመረጠ ሹፌር ብዙ ነው። ወዶ ግን አይደለም።

ፈቃድ የጠየቀው ገንዘብ

ሽልንጉን ረሳነው። እንመለስ።

ከ2009 ጀምሮ ስልክ ገንዘብ መሆን ጀመረ። መጀመሪያ ሶማሊላንድ ውስጥ ዛድ መጣ። ቀጥሎ የሆርሙድ ኢቪሲ ፕላስ ደቡቡን ያዘ። ሒሳቡ በዶላር ነው። ሻይ ሻጯም ሳትቀር በስልክ ትቀበላለች። የዓለም ባንክ በ2018 ባወጣው አኃዝ በወር 155 ሚሊዮን ያህል ዝውውር ይካሄድ ነበር፤ 2.7 ቢሊዮን ዶላር። እኛ ቴሌብርን ያየነው በ2021 ነው።

በዚያው በ2021፣ በየካቲት፣ ሆርሙድ ዳግም ከተቋቋመው የሶማሊያ ማዕከላዊ ባንክ የሞባይል ገንዘብ ፈቃድ ተቀበለ። ለአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። አስቡት። አሥር ዓመት ያህል ያለ ፈቃድ ሠርቷል፤ ባንኩም ሊከለክለው የሚችልበት አቅም አልነበረውም። ግን ፈቃድ የሌለው ድርጅት ከውጭ ባንክ ጋር መሥራት ይቸግረዋል። በ2013 የብሪታንያው ባርክሌይስ የሐዋላ ድርጅቶችን ሒሳብ ልዝጋ ሲል ምን ድንጋጤ እንደነበር የማያስታውስ ሶማሌ የለም። የጅዳው ፊርማ ነገር ተመልሶ መጣ።

ሽልንጉስ? ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በ2010ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ እንዳለው፣ በገበያ ከነበረው የሶማሊያ ሽልንግ 98 በመቶ ያህሉ ፎርጅድ ነበር። ማዕከላዊ ባንኩ አዲስ ኖት አሳትሞ አሮጌውን ሊለውጥ ሲያቅድ ቆይቷል። መለወጥ ካለበት ደግሞ ፎርጅዱንም ተቀብሎ ነው። እውነተኛውን ብቻ እቀበላለሁ ቢል መስኮቱ ጋ የሚመጣ ሰው አያገኝም።